አንድ ዓመት አኑሩኝ

ኤሌኒ የገባችው በብብቷ ሦስት ረጃጅም ዳቦ ሸጉጣ፣ በእጇ ዓሣ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥላ ነው። ዘንቢሉን በሩ ጥግ አስቀመጠች፤ ዳቦውን ላዩ ላይ አጋደመችው፤ ነጠላዋን አውጥታ ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ለማልቀስ ያላት ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ማዳሟ የምታውቀው ለምሳ ዓሣ ልትገዛ እንደወጣች ብቻ ነው፤ ዓሣውም ቢሆን በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት የማንንም ሐዘን አይጠብቅም።

በጅቡቲ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ የአገራችን ሴቶች ለቅሶ የሚደርሱት እንዲህ ነው። ከዓርብ በቀር የእኔ የሚሉት ቀን የላቸውም፤ ሞት ደግሞ ዓርብን ጠብቆ አይመጣም። ስለዚህ ገበያ ሲላኩ በሚኒባስ ተሳፍረው ከከተማው ዳር ወዳለው ባልባላ ይወጣሉ፤ አልቅሰው፣ ዓይናቸውን ታጥበው፣ ዘንቢላቸውን አንሥተው ይሮጣሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ ሌላው በሳምንት የማያፈሰውን እነሱ በሩብ ሰዓት ያፈሱታል። በዚያ ረቡዕ ረፋድ ላይ በሩ ጥግ ስድስት ዘንቢል ተሰልፎ ነበር።

ትሁን ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ታናሽ እህቷን እስከዳርን ቀብራ መመለሷ ነው። ፈረንሣዊት ማዳሟ ሦስት ጣቶቿን አንሥታ «ትሯ ዡር፣ ትሁን» ብላ ሦስት ቀን ፈቅዳላታለች። በዚህ ከተማ ሦስት ቀን የሰጠች ማዳም ደግ ማዳም ናት፤ ትሁንም አመስግና ነው የወጣችው። አሁን ግን የጨነቃት የቀኑ ማነስ ሳይሆን መርዘሙ ነው። የተቀመጠችበት ቤት አላስቀምጥ ብሏታል።

ቤቱ ዋራበሌ በሚባለው የባልባላ ሰፈር ያለ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ተከራይታ የከፈተችው እስከዳር ናት። ታመው ወይም ተሰብረው ከአሠሪዎቻቸው ደጅ ከነሻንጣቸው የተጣሉ ሴቶች እስኪያገግሙ የሚተኙበት ቤት ነበር። የምታስታምማቸው እሷ ናት፤ ደሞዝ የሚባል ነገር የላትም፣ ከሴቶቹም ምንም አትቀበልም። ቤቱ ስም ስላልወጣለት «የእስኩ ቤት» ይሉታል። ከሴቶቹ መካከል ለቅሶ የሚቀመጡበት የራሳቸው ጣሪያ ያላቸው ስላልነበሩ ለቅሶዋም እዚሁ ሆነ። ቤቱ ከተከፈተ አሥር ወሩ ነው። ትሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠችው ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ ያውም ሬሳ ልታነሣ።

እትዬ ሰብለወርቅ ከሁሉም ትልቋ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጅቡቲ የኖሩ፣ የስንቱን ባለሥልጣን ልጅ አዝለው ያሳደጉ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ቀድመው የሚጠሩ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው በሞት ላይ ጩኸት ስለማይወድ ሙሾውን እንደ እሹሩሩ ዝቅ አድርገው አወረዱት።

ለደከመው ሁሉ ውሃ አቀባይቱ፣
አንቺን የጠማሽ ለት ማን ነበር በቤቱ?

ሴቶቹ ደረታቸውን እየያዙ ተንሰቀሰቁ። እትዬ ሰብለወርቅም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ትሁን ተጠግተው እጇን ያዙ። የተናገሩት ሁሉም እንዲሰማ ነው። እኛማ ምን አደረግን አሉ፤ አንዳችን ሳሙና፣ አንዳችን ሩዝ፣ አንዳችን አሮጌ አንሶላ ነው ያመጣን። ቤቱን ያቆመችው ይቺ እህቷ ናት፤ ኪራዩን በየወሩ ባትከፍልላት ኖሮ አንድ ሳምንት አይዘልቅም ነበር።

«እስኩ ስምሽን አንሥታ አትጠግብም ነበር» አሉ። «እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ።»

ትሁን የሚሉት ነገር አልገባትም። ኪራይ? ዙሪያዋን ስትቃኝ ሴቶቹ ሁሉ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኤሌኒ ሩብ ሰዓቷ አልቆ ዘንቢሏን ልታነሣ ስትል ተመለሰችና የትሁንን ጉልበት ስማ ወጣች። ትሁን አፏን ከፈተች። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረባት። ከአፏ የወጣው ግን «አሜን» ነው።

ለዚህ ቤት አንድ ፍራንክ አልሰጠችም።

እስከዳር ነገሩን የነገረቻት አምና መስከረም ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ባሕሩ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጠው ሳምቡሳ ሲበሉ ነበር። ከሥራዬ ልወጣ ነው ስትላት ትሁን ደስ አላት፤ የተሻለ ቤት ያገኘች መስሏት ነው። እስከዳር ስልኳን አወጣችና ለሰው ሁሉ የላከችውን ጽሑፍ አነበበችላት። ኮምቦልቻ ላሉት አክስቶችና ያጎት ልጆች፣ አብረዋት ለተማሩት፣ ለምታውቃቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ እዚህ ላሉት ሴቶች፣ ለምትሠራላት ማዳም ሳይቀር ልካዋለች።

«ታማ ደጅ የተጣለች ሴት የምትተኛበት ቤት ልከፍት ነው» ይላል ጽሑፉ። «አንድ ዓመት በነጻ ላገለግል ለእግዚአብሔር ቃል ገብቻለሁ። ደሞዝ አልፈልግም፤ መብላትና ማደር ግን አይቀርልኝም። በቻላችሁት አንድ ዓመት አኑሩኝ። እኔ ደግሞ የወደቁትን ላንሣ።»

ትሁን ሳምቡሳዋን ወረቀቱ ላይ መለሰችው። ይሄ ልመና ነው አለቻት። ዘመድ ከጅቡቲ ይላክልን ይላል እንጂ ወደ ጅቡቲ የሚልክ መቼ ታየ፤ ስማችንን አጠፋሽው አለቻት። ደግሞስ በነጻ ያገለገልነው መች አነሰና? የመጀመሪያዋ ማዳምሽ የስምንት ወር ደሞዝሽን በልታ ያባረረችሽ በነጻ አይደለም ወይ? የእማዬ ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ አንቺ የሰው በሽተኛ ልታጥቢ ነው? የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ አለቻት። ብዙ ተናገረች፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከሁሉም የከፋ ነበር።

«ከእኔ እጅ አንድ ፍራንክ የምታገኚው እኔ ሞቼ ነው።»

እስከዳር አልተቀየመችም። ዘይት የነካውን ጣቷን በሳምቡሳው ወረቀት ጠረገችና ሳቀች።

«እንግዲያማ ዕድሜሽን ያርዝመው» አለች። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በስልክ ካልሆነ ተገናኝተዋል ማለት አይቻልም። ዓርብ በመጣ ቁጥር ትሁን ሥራ አለብኝ ትላለች፤ እስከዳርም ሴቶቹን ትታ አትወጣም። ትሁን ሦስት ወር አትቆይም፣ ሲርባት ትመለሳለች ብላ ነበር። ሦስት ወሩ ስድስት ሆነ፤ ከዚያም ዘጠኝ። እስከዳር በስልክ ደኅና ነኝ ትላለች፣ ትሁንም ደኅና ሁኚ ትላለች። በምን እንደምትኖር አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። እልህ ይዟት ነበር፤ እልህ ደግሞ ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ቤቱ ጭር አለ። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ጅቡቲ ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫት የሚቅመው ይቅማል፣ ሌላው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። መንገድ ላይ የሚታየው ፍየል ብቻ ነው። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ተነሥቶ ቆርቆሮውን እያንጓጓ አቧራውን በየስንጥቁ ያስገባል። እትዬ ሰብለወርቅም ወደ ሥራቸው ወርደው ነበርና የቀሩት ትሁንና ቦንቱ ናቸው።

ቦንቱ የጭሮ ልጅ ናት፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የተሰጣ ልብስ ስትሰበስብ ከጣሪያ ላይ ወድቃ ወገቧ ተጎድቷል። አሠሪዎቿ ሐኪም ቤት አደረሷትና በዚያው ጠፉ። ከእስከዳር ጋር አምስት ወር ኖራለች። በቤቱ የነበሩትን ሌሎች ሁለት ሴቶች ለለቅሶው ሲባል ጎረቤት ቤት ወስደዋቸዋል፤ ቦንቱ ግን የምትነሣ ስላልሆነች መስኮቱ ሥር ከነፍራሿ ቀርታ ለቅሶው ዙሪያዋን ሆነ። ፊቷ በላብ ተጠምቋል። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ እስከዳር ከማዳሟ በስጦታ ያገኘችው አሮጌ ማራገቢያ ጥጉ ላይ ቆሟል። ትሁን ካርቶን ቀዳ ታራግብላት ጀመር።

ቦንቱ ተዪው አለቻት፣ ትደክሚያለሽ። እስኩ በዚህ ሰዓት አንሶላ ውሃ ነክራ መስኮቱ ላይ ትሰቅልልኝ ነበር አለች፤ ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ ሲያልፍ ይበርዳል። ትሁን ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ከላይ በግራና በቀኝ ሁለት ምስማር ተመቷል። አንሶላው የት እንዳለ ጠየቀች።

«እሷን የሸፈኗት በእሱ ነው» አለች ቦንቱ። «ከእሷ ጋር ሄዷል።»

ትሁን ካርቶኑን ማወዛወዟን ቀጠለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ልትጠይቀው የፈራችውን የጠየቀችው ያኔ ነው፤ እንዴት ሆነች አለቻት።

«የነገረኝ ቧንቧው ነው» አለች ቦንቱ። «እዚህ ሰፈር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። እስኩ ጠብታ አታፈስም። የዚያን ዕለት ግን ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ሰማሁ። ጠራኋት። ዝም አለች። ደግሜ ጠራኋት። እየተንፏቀቅሁ እስከ በሩ ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ወገቤ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ስጮህ፣ ውሃው ሲፈስ፣ ስጮህ፣ ውሃው ሲፈስ ነበር።»

ሐኪሙ ፀሐይ ነው ብሏል። ይህን ትሁን ሰምታለች። ያልገባት ሌላ ነው፤ ማንም በማይወጣበት ቀትር ገንዳው ላይ ጎንብሳ ምን ታጥብ ነበር? ስትጠይቃት ቦንቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ምያለሁ አለች፣ አትጠይቂኝ።

መልሱ በራሱ እግር መጣ። ናዒማ የቤቱ ባለቤት ናት፤ የዚሁ አገር ሰው ብትሆንም ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ የሚታማ አይደለም። ለሠርግ ወንበር ታከራያለች። ለቀስተኞቹ የሚቀመጡበትን ሃያ ወንበርም የላከችው እሷ ናት፣ በነጻ። ሻይ በፔርሙስ ይዛ ገባችና ከትሁን አጠገብ ተቀመጠች። ለሦስቱም ቀዳች። ጓሮ በጆንያ የቀረውን የወንበር ልብስ ልውሰደው ወይ ብላ ጠየቀች። ትሁን የምን የወንበር ልብስ ነው ስትላት ናዒማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

እስከዳር ኪራይ በገንዘብ ከፍላ አታውቅም። በየሠርጉ የሚቆሽሸውን ነጭ የወንበር ልብስ ታጥባለች፤ እሱ ነው ኪራዩ። ሐምሌ ሲገባ ውጭ አገር ያለው ሁሉ እየመጣ ስለሚያገባ ልብሱ በዛ። ጆንያ በጆንያ ላይ ሆነ።

«ማታ እጠቢ አልኳት፣ ወላሂ» አለች ናዒማ። «እምቢ አለች። ማታ ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ ያዩኛል አለች። እህትሽ እየከፈለችልሽ ለምን ታጥቢያለሽ ይሉኛል፣ ከዚያ እሷን ያሟታል አለች። ቀትር ግን ሁሉም ይተኛል።»

ለትሁን ያን ጊዜ ገባት። እህቷ ፀሐዩ ሥር የጎነበሰችው ለኪራዩ ብቻ አልነበረም። የታላቅ እህቷን ስም ለመሸፈን ነው።

ናዒማ እኔም ጥፋተኛ ነኝ አለች፣ ኪራዩን ልተውላት እችል ነበር። ከዚያ የትሁንን ትከሻ ዳሰሰች። «ከእኔ አፍ አይወጣም። ይሄ የአንቺና የእሷ ነው።»

ስትሄድ ትሁን ወደ ጓሮ ወጣች። ገንዳው ባዶውን ተገልብጧል። ጆንያው አጠገቡ ነው፤ ገመዱ ላይ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት ታጥበው የተሰጡ ሦስት የወንበር ልብሶች እንደ ብራና ደርቀው ተንጠልጥለዋል። ማንም አላነሣቸውም። አንዱን አውርዳ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ የሳሙና ሽታ ነበረው።

ከስምንት ዓመት በፊት የሆነው ትዝ አላት። እስከዳር ጅቡቲ በገባች በዓመቷ በታይፎይድ ታማ፣ ከማዳሟ አጥር ውጭ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ያገኘቻት ትሁን ናት። የምታስገባበት የራሷ ቤት አልነበራትም። ስለዚህ በራሷ የሠራተኛ ክፍል፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ፣ አሥራ አንድ ቀን ደበቀቻት። ሾርባ በሻይ ብርጭቆ እየሰረቀች አጠጣቻት። ሳል ሲመጣባት አፏን ትራስ ውስጥ ትቀብርላታለች። ሙቀቱ ሊገድላት ሲደርስ ደግሞ አንሶላ ውሃ ነክራ ትንሿ መስኮት ላይ ሰቀለችላት። ያን ብልሃት ማንም አላስተማራትም፤ የጨነቀው ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው።

ባሕሩ ዳር የተቀመጡ ዕለት እስከዳር ይህንኑ አንሥታላት ነበር። ትሁን በቁጣ ውስጥ ሆና ሰምታ እንዳልሰማች ያለፈችው ቃል አሁን ጓሮው ውስጥ ጥርት ብሎ መጣላት። «ይሄን ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» ነበር ያለቻት። «ግን ሁሉ ሴት ትሁን የላትም።»

ዓርብ ሣልስት ነው። ሴቶቹ የራሳቸው ቀን ስለሆነ ያለ ዘንቢል፣ ያለ ጥድፊያ መጡ፤ ቤቱ ሞልቶ ሰው እስከ ጓሮው ድረስ ተቀመጠ። ንፍሮ ዞረ። ጠዋት እናቷ ከኮምቦልቻ ደውለው ነበር። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርዶውን ነግረዋቸዋል። ድምፃቸው አልቆ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያጽናናኝ ብለዋት ዘጉት፤ ብቻዋን አልነበረችም፣ አንቺ ነበርሽላት። እስከዳር እዚያም ድረስ ነግራ ነበር ማለት ነው። ትሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ለእናቷ እንኳ እውነቱን አልነገረቻቸውም።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ካሣ ደረሱ። የአዲስ አበባና የጅቡቲን መንገድ ሃያ ዓመት የነዱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ለእስከዳር ጽሑፍ መጀመሪያ የመለሱትም እሳቸው ናቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ሽንኩርትም ምስርም ከጭነታቸው ጎን ሸጉጠው ያመጡላታል፤ ሌሎቹንም ሾፌሮች አስተባብረዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚናገሩት እንዳላቸው ያስታውቃሉ።

ይህች ልጅ ለእግዜር የገባችው ቃል አንድ ዓመት ነው አሉ። ሁለት ወር ይቀራታል። የሞተ ሰው ቃል ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ ሁለቱን ወር እኛ እንሙላላት። ሽንኩርቱም ምስሩም በእኛ በሾፌሮቹ ይሁን። እናንተ ዓርብ ዓርብ ተራ ግቡ፤ በሌላው ቀን ለቀን ሠራተኛ እናዋጣለን። ሴቶቹ በያሉበት እሺ እሺ አሉ። ጋሽ ካሣ ወደ ትሁን ዞሩ።

«ኪራዩ እንግዲህ እንደ ድሮው ባንቺ ከሆነ ነው፣ ትሁን። ደከመኝ ካልሽም እስካሁን ያደረግሽው ይበቃል። ማንም አይወቅስሽም።»

ሁሉም ወደ እሷ አዩ። ናዒማ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። እትዬ ሰብለወርቅ ከጎኗ ሆነው እጇን ይዘዋታል። ትሁን እንደ ድሮው እከፍላለሁ ብትል ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ከዛሬ ጀምራ በእርግጥም ትከፍላለች፤ ማንም ምንም አያውቅም፤ እናቷም በመጽናናታቸው ይኖራሉ። እስከዳርም የሞተችለት ነገር ይኸው ነበር። ነገር ግን ቀና ስትል ዓይኗ ከጓሮው በር ባሻገር ገመዱ ላይ አረፈ፤ የወንበሩ ልብስ በነፋሱ ይወዛወዛል።

«እንደ ድሮው የሚባል የለም» አለች። «ከፍዬ አላውቅም።»

ጋሽ ካሣ ያልሰሙ መስለው አንገታቸውን አሰገጉ።

«አንድ ፍራንክ አልሰጠኋትም። እኔ ሞቼ ነው ያልኳት። ኪራዩን የከፈለችው ራሷ ናት፣ የሠርግ ወንበር ልብስ እያጠበች። በቀትር ያጠበችው እናንተ እንዳታዩዋት ነው፤ አይታችሁ እኔን እንዳታሙኝ። በእሱ ነው የሞተችው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ምስጋናችሁን ስቀበል ነበር።»

ንፍሮ የያዘችው ሴት ሳህኑን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። እትዬ ሰብለወርቅ ይዘውት የነበረውን እጇን ቀስ ብለው ለቀቁት። ረቡዕ ዕለት ጉልበቷን የሳመችው ኤሌኒ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። ትሁን ማንንም አልወቀሰችም። ይህ እንደሚመጣ አውቃ ነው የተናገረችው፤ ቢሆንም ሲደርስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ቀድማ ድምፅ ያሰማችው ቦንቱ ናት። መስኮቱ ሥር እንደተኛች፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እትዬ ትሁን» አለች። «አንድ ቀን ለምን ትዋሺያለሽ አልኳት። እህትሽ መቼ ሰጠችሽ አልኳት። አልዋሸሁም አለችኝ። ‹ትቆጣለች እንጂ ሰው አትጥልም። እኔ አውቃታለሁ፣ ትመጣለች። አስቀድሜ ነው ያመሰገንኳት› አለችኝ።»

ማክሰኞም፣ መቃብሩ ላይም፣ በሙሾውም እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ትሁን እንደ ሌሎቹ አልተንሰቀሰቀችም፤ ዝም ብላ ፊቷ ራሰ። እትዬ ሰብለወርቅ አላባበሏትም፣ አልሸሿትምም፤ ተቀምጠው ጠበቋት።

ቀትር እየሆነ ነበር። ነፋሱ ተነሥቶ ቆርቆሮውን ማንጓጓት ጀመረ። ትሁን ተነሣች። ዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችና በሰው መካከል አልፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ቧንቧውን ከፍታ ነጠላውን ነከረችው፤ ጨመቅ አድርጋ ይዛው ተመለሰች። ጥለቱ ላይ ያለው ውሃ መሬቱን እያንጠባጠበ ተከተላት። ፍራሹ ላይ ወጥታ በሁለቱ ምስማሮች መካከል ዘረጋችው። ነፋሱ ነጠላውን ወደ ውስጥ ነፋው፤ አልፎ ሲመጣ ቀዝቅዞ ነበር። ቦንቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሴቶቹም በያሉበት ሳይነጋገሩ ወደ መስኮቱ ጠጋ ጠጋ አሉ።

ያኔ ከጓሮው ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቦንቱ ዓይኗን ከፈተች። ትሁን ተመልሳ ወጣችና ቧንቧውን አጠበቀችው። ጠብታው ቆመ። እሷ ግን እጇን ከቧንቧው ላይ ሳታነሣ፣ ፀሐዩ ሥር እንደጎነበሰች ብዙ ቆየች።